ከማሳ እስከ መቃብር፦ በቢቸናና በሞጣ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ የወረደውን ያህል ሽቅብ ከወጣ በኋላ ደጀን ላይ ከደጋው ሜዳ ጋር ይገናኛል። ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ ግራው በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመራ፣ ቀኙ የጮቄን ተራራ በስተግራ፣ የዓባይን ሸለቆ በስተቀኝ ትቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል እስከ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ቢቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሞጣ ደግሞ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጡ የደጋ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ያለው አገር በታሪክ መጻሕፍት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በአንድ ሰው ስም፣ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። ይህ ማስታወሻ የሚከተለው ግን ከበላይ ኋላ የተሰለፈውን፣ ሞፈሩን ሰቅሎ ጠመንጃ ያነገተውን ወጣት ገበሬ ነው፤ እንዴት እንደኖረ፣ የት እንደወደቀ፣ የወደቀበትም ቦታ ከማሳው ምን ያህል እንደሚርቅ እየጠየቀ ይጓዛል። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በቢቸና ዙሪያ ያለው አፈር መረሬ የሚባለው ነው፤ ጥቁር ሆኖ፣ ሲረጥብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ አፈር ሲሆን፣ ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ ዝናው እስከ አዲስ አበባ ገበያ የደረሰው ከዚህ አፈር በቅሎ ነው። ጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ እስኪልም ድረስ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታረስ አለበት፤ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ከዚያም አውድማ ላይ በከብት ይወቃል። በዚህ የወራት ዑደት ውስጥ የሚያድግ ልጅ በመጀመሪያ ጥጃ ጠባቂ፣ ጥቂት ከፍ ሲል የከብት እረኛ ይሆንና ጉልበቱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል፤ እርፍ አራሹ በእጁ የሚይዘው የሞፈሩ እጀታ ሲሆን፣ ልጁ እርፍ ከጨበጠ ቤተ ዘመዱ ስለ ትዳሩ ማሰብ ይጀምራል። ከጥንድ በሬው ጋር የሚውለው ይህ ወጣት ብቻውን አያርስም፤ ሥራ ሲበዛ ጎረቤት በደቦ፣ ማለትም ጠሪው ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ በሚያሠራው የኅብረት ሥራ፣ ወይም በወንፈል፣ ማለትም ጉልበትን በጉልበት በመመለስ ይረዳዋል። በኋላ እንደሚታየው ጦር ሲወጣም የወጣው በዚሁ በደቦው ወዳጅነት ነው።

ጠመንጃው ከዚህ ኑሮ ውጭ የመጣ ነገር አልነበረም። የጎጃም ገበሬ መሬት የያዘው በርስት ሥርዓት ሲሆን፣ ርስት ማለት ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ የሚካፈለው፣ የማይሸጥ የመሬት መብት ነበር። ክፍፍሉ በወረቀት ሳይሆን በቃልና በክርክር የሚጸና ስለነበር፣ ርስተኛው ዘሩን የሚቆጥርበት ምላስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ድንበሩን የሚያስከብርበት መሣሪያም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ በዚህ አገር ገበሬ ቤት የዘመቻ ዕቃ ከመሆኑ በፊት የርስት ዕቃ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የመሬት ክርክሩም፣ የደም መመለሱም፣ የሠርጉ ፉከራም ከእርሱ አይለይም። የከተማ ጸሐፊዎች «ገበሬው ወታደር ሆነ» ብለው ሲጽፉ ሰውየው አንድን ሙያ ትቶ ወደ ሌላ የተሻገረ ያስመስሉታል፤ በቢቸናና በሞጣ ግን ሞፈሩና ጠመንጃው የተሰቀሉት በአንድ ግድግዳ ላይ ነበር።

ከማሳው ርቆ መሞትን የበላይ ዘመን ትውልድ የቀመሰው ኢጣልያ አገሩን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ትግራይ ሲዘምቱ፣ ዘማቹ፣ ማለትም በክተት ጥሪ ከቤቱ የወጣው ባላገር፣ በሶውንና ቆሎውን በስልቻ ቋጥሮ፣ የራሱን ጠመንጃ ይዞ በእግሩ ነበር የሄደው። ዘማቹ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ይህ ምግብ ስንቅ ይባላል፤ ስንቁ ሲያልቅ የዘማቹም ጉልበት እንደሚያልቅ የቆየ ልማድ ያስተማረው ነገር ነው። ጦሩ በታኅሣሥ ወር ደንበጉና ላይ ጠላትን ድል ቢነሣም፣ በዚያው ሰሞን ተከዜ ወንዝ አጠገብ ከአውሮፕላን በተጣለ የመርዝ ፈሳሽ ተቃጠለ፤ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ሽሬ ላይ ተሸነፈ። ከዚያ ያልተመለሰው ወጣት አጥንቱ የቀረበትን ቦታ ወላጆቹ በዓይናቸው አላዩም። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚሁ ጦር ጋር ዘምተው፣ በኋላም ተማርከው ለዓመታት በኢጣልያ ታስረዋል፤ እርሳቸው ተመልሰው ጻፉ፣ አብሯቸው የሄደው ገበሬ ግን መጻፍ አይችልም ነበር። የአንድ ዘመቻ ትዝታ ለምን በአለቆቹ በኩል ብቻ እንደሚታይ ከዚህ ልዩነት ይጀምራል።

ኢጣልያ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ ምሥራቅ ጎጃም ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ያለ መሰለ። ጸጥታውን የሰበረው ነገር አንድ ብቻ አልነበረም፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው ፍጅትና በዚያው ዓመት በደብረ ሊባኖስ የመነኮሳት መገደል ወሬው በዓባይ ማዶ ለማንም አልተሰወረም፤ ከሁሉ በላይ ግን ገበሬውን ያስነሣው የትጥቅ ማስፈታቱ ዘመቻ ነበር። ጠመንጃውን የተቀማ ሰው ድንበሩን፣ ደሙንና ስሙን አብሮ እንደተቀማ ስለሚቆጥረው፣ በ1930 ዓ.ም. አጋማሽ ዐመፁ ጎጃምን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ፤ ጄኔራል ኡጎ ካቫሌሮ የመሩት ሰፊ የማጥቃት ዘመቻም ሊያጠፋው አልቻለም። ያኔ በየአጥቢያው ጎበዝ አለቃ ተመረጠ፤ ጎበዝ አለቃ ማለት የመንደሩ ወጣቶች በጀግንነቱና በፍርዱ አምነው ራሳቸው የሚሾሙት መሪ ነው። ከእነዚህ በላይ በየአካባቢው ታላላቅ አዝማቾች ነበሩ፤ ከእነርሱም ልጅ ኃይሉ በለው፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ይጠቀሳሉ። በቢቸና በኩል የነገሠው ስም የበላይ ዘለቀ ነው።

በላይ ራሱ ከሹማምንት ቤት አልወጣም። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ለምጨን ሰው ሲሆኑ፣ እርሱ ያደገው ከዓባይ ማዶ በወሎ ጫቀታ ነው፤ የተገደሉትን የአባቱን ደም ለመመለስ ሸፍቶ ጥቂት ሰዎች ይዞ ይዞር የነበረው ወጣት ጠላት ሲገባ የሽፍትነት ልምዱን ወደ አርበኝነት አዞረው። «አባ ኮስትር» በሚል የፈረስ ስም ታወቀ፤ የፈረስ ስም ማለት ጀግና በፈረሱ ስም ወይም በጠባዩ የሚጠራበት የክብር ስም ነው። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል ለራሱ ምን እንደሚወስድ ተጠይቆ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ከሹመት ሁሉ በላይ እንደሆነ መለሰ መባሉን በቢቸና ትንሽ ትልቁ ይናገራል። ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም፤ ከመንግሥት ሹመት ሳይሰጠው ሹመት ሰጪ የሆነ ሰው ገበሬውን ሊያዝ የቻለው በምን ሥልጣን እንደሆነ የሚያስረዳ ነው። ወጣቱ የተከተለው በዐዋጅ ታዝዞ ሳይሆን ጎረቤቱ ስለተከተለ፣ መሪውም እንደ እርሱ ያለ ሰው ስለሆነ ነው።

ከቢቸና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያመለክተው በኩል የበላይ መጠጊያ የነበረው የሶማ ተራራ ይገኛል። ሙጋና ሱሃ የመሳሰሉት ወንዞች ደጋውን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ስለሚወርዱ፣ አገሩ ከመንገዱ ሲያዩት ሜዳ ቢመስልም ጥቂት እንደተራመዱ ገደል ሆኖ ይገኛል፤ በዚያ ገደል ውስጥ የተወለደ እረኛ የሚያውቀውን መውጫና መውረጃ ካርታ የያዘ መኮንን አያውቀውም። የገበሬው ጦር ከሌላው ጦር የሚለየው ግን ከሁሉ በላይ በጊዜ አጠቃቀሙ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፣ መረሬው ጭቃ ሆኖ የጠላትን መኪና ይውጣል፤ አርበኛውም በተራ ወደ ቤቱ ወርዶ ያርሳል፣ ይዘራል። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ገደሉ ሲደርቅና ስንቅ ሲገኝ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ተመልሶ ይወጣል። መሣሪያው የተለያየ ነበር፤ ውጅግራ የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ ከምንሽርና ከጠላት ከተማረከ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ ጥይት ከማለቁ የተነሣ በዝናር ውስጥ ያለው ፍሬ እንደ ብር ይቆጠር ነበር። ሚስቲቱና እናቲቱ በሌሊት በሶ ይፈጫሉ፣ ድርቆሽ ያደርቃሉ፣ ገበያ ወጥተውም የጠላትን ወሬ ይለቅማሉ። በምሽጉ ውስጥ ለጠላት የሚሠራ መስሎ ጥይትና ወሬ የሚያወጣው ደግሞ የውስጥ አርበኛ ይባላል።

ሞቱም ለቤቱ ቅርብ ነበር። የቆሰለውን የሚያክመው ወጌሻ፣ ማለትም የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ባለሙያ፣ ወይም መድኃኒት አዋቂ ደብተራ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚድን የጭን ቁስል ያኔ ይገድል ነበር። የወደቀውን ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው በሌሊት ወደ አጥቢያው ካደረሱት፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው በአባቶቹ አጠገብ ይቀብሩታል፤ ፍትሐት ማለት ለሙታን ኃጢአት ይቅርታ የሚለመንበት የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው። አስከሬኑ ካልተገኘ ለቅሶው በልብሱና በጠመንጃው ይቆማል፤ ፈረስ ካለው ፈረሱ ተጭኖ ይሳባል፣ አልቃሿም በሙሾ፣ ማለትም በግጥም ሐዘን፣ የሟቹን ስም፣ የወደቀበትን ወንዝና የገደለውን ጠላት እየጠራች ታስለቅሳለች። ሙሾ በዚህ አገር ከሐዘንም በላይ መዝገብ ነው፤ ዘመናዊ ሠራዊት የሟቹን ስም፣ ቀንና ቦታ በቅጽ እንደሚሞላ ሁሉ አልቃሿም በቤት በቤቱ ታሰፍረዋለች፤ ቅጹ የሚቆየው ግን የሰሚዎቹ ዕድሜ እስካለ ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር፣ ከዚያው መንደር ወጥቶ በተቃራኒው ወገን የሞተ ወጣትም መኖሩ ነው። ባንዳ፣ ማለትም ለኢጣልያ የሚዋጋ ያገር ተወላጅ፣ ሁሉ በሆዱ የተገዛ አልነበረም፤ አንዱ በርስት ክርክር ጠላቱ አርበኛ ስለሆነበት፣ ሌላው የአገሩ ባላባት ለኢጣልያ ስላደረ ተከትሎ ገብቷል። ለዚህ ወጣት ሙሾው አጭር ነው። የአርበኝነት ታሪክ ጸሐፊዎችም በአጠገቡ በችኮላ ያልፋሉ፤ ገበሬውን ወደ ጦርነት የወሰደው የጎረቤትና የአለቃ ገመድ እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው እርሱ ሆኖ ሳለ።

ከደጀን በታች ያለው የዓባይ መሻገሪያ ሸፈርታክ የ1933ቱን የጦርነት ፍጻሜ የያዘ ስፍራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ጦር ጋር ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው ብዙ ሺህ የኢጣልያ ጦር ከነቤተሰቡ ከከተማይቱ ወጥቶ በዚህ መሻገሪያ በኩል ወደ ሸዋ አፈገፈገ። ዓባይ ላይ እንዲያግደው የታሰበው የበላይ ጦር ነበር፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው እንግሊዛዊው መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲጀርም ለዚሁ ወደ በላይ ተልኮ ነበር። የኢጣልያው ጦር ግን ሳይታገድ ተሻግሮ በግንቦት ወር አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። ለኢጣልያ ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከበላይ ጋር በጋብቻ ለመተሳሰር መማለዳቸው ለዚህ ምክንያት ተደርጎ ይነገራል። ይህ ነገር በበላይ ስም ላይ ጥላ ቢጥልም፣ በመሻገሪያው ማዶና ማዶ በየገደሉ የተኛውን ገበሬ የአምስት ዓመት ድካም አይቀንሰውም፤ የአዝማቾችን ስሕተት ከጭፍራው ሒሳብ ላይ መጻፍ ፍርድ ማጉደል ነው።

በላይ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ቢሾምም፣ ከመንግሥቱ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ሶማ ላይ መሸገና ከውጊያ በኋላ እጁን ሰጠ፤ የተፈረደበት የሞት ፍርድ ወደ እስራት ተለውጦለት ሳለ ከእስር አምልጦ ስለተያዘ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋር ተሰቀለ። በጠላት ጥይት ያልሞተው ሰው በነጻ አገር ገመድ መሞቱ ሕዝቡን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል፤ በስሙ በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በባሕር ዳርም አውሮፕላን ማረፊያ ተሰይሟል። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ ግን የአንዱ ሰው ስም የቢቸናን ሙታን ሁሉ ከዓይን ጋርዷል።

ከቢቸና ወጥቶ ደብረ ወርቅን አልፎ የሚሄደው መንገድ በሞጣ ሲደርስ ጮቄ ወደ ደቡብ ይቀራል። ሞጣ በ18ኛው መቶ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ባሠሩት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። በ1933 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው፣ ኮሎኔል ሂዩ ቡስቴድ የሱዳን ወታደሮቻቸውን ይዘው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን ጮቄን በብርድ አቋርጠው ከመጡ በኋላ ነው። የእንግሊዝ መጻሕፍት ይህን የተራራ ጉዞ በአድናቆት ይተርኩታል፤ ምሽጉን ለዓመታት እህልና መንገድ ከልክሎ ያቆየው በሞጣ ዙሪያ ያለው የእነሴ ገበሬ ግን በትረካው ውስጥ ስም የለውም።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ጥንታዊ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይታመናል፤ ሰባራ ድልድይ የተባለው በኢጣልያ ጦርነት ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ ስለፈረሰ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሁለቱ ዳር የቆሙ ጎበዞች መንገደኛውን በወገቡ ገመድ አስረው በባዶው ላይ ይጎትቱት ነበር፤ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ የተሠራው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተወለደ ልጅ፣ የልጁም ልጅ፣ ገበያ በወጣ ቁጥር የዚያን ጦርነት ክፍተት በገዛ ወገቡ ይሻገረው ነበር ማለት ነው።

ገበሬው በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃውን እንደገና አነሣ። የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ የሞጣና የቢቸና ባላገር ከግብሩ ልክ ይልቅ የፈራው የመሬት ልኬቱን፣ እርሱ ቃላድ የሚለውን ነበር፤ ቃላድ የመለኪያ ገመድ ሲሆን፣ ገመዱ በማሳው ላይ ከተዘረጋ ርስቱ በዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ በመንግሥት መዝገብ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ዐመፁን ለማብረድ መንግሥት ወታደርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በኋላ ግን ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው፣ ውዝፉ ግብር ተምሯል። በዚህ ጊዜ የሞተው ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ፣ በገዛ መንግሥቱ እጅ ነው የወደቀው፤ አርበኛም ወታደርም ስላልተባለ ጡረታም፣ ሐውልትም፣ የመታሰቢያ ቀንም የለውም።

ከ15 ዓመት በኋላ ርቀቱ እንደገና ተገለበጠ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለውትድርና ግዴታ ሲጠራ፣ ጥሪው ወቅት አልጠየቀም፤ አዝመራው በማሳ ላይ እያለ የተመለመለ ልጅ ጎረቤቱ ባልሆነ አለቃ ሥር፣ የራሱ ባልሆነ ጠመንጃ፣ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ግንባር ተላከ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ አፋቤት ላይ የመንግሥት ጦር የሆነው ናደው ዕዝ ሲደመሰስ የሞተው፣ በ1990 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል በባድመ ጦርነት የወደቀው የዚህ አገር ልጅ ቃሬዛ የሚሸከሙለት የደቦ ወዳጆች አልነበሩትም። ቤተሰቡ የሚያገኘው መርዶ ነው፤ መርዶ ማለት ሽማግሌዎች ማለዳ፣ ቤተሰቡ ከመበተኑ በፊት፣ ተሰብስበው የሚያደርሱት የሞት ወሬ ነው። መርዶው ካልመጣ እናቲቱ አታለቅስም፣ ፍትሐት አይደረስም፣ ሚስቲቱ ሙት ባልም ሕያው ባልም የላትም። ሽሬ የቀረው የ1928ቱ ዘማች ቤት ያወቀው ይኸው ዝምታ ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ልጁ ከሠፈሩ ሰዎች ጋር መሄዱና ከተመለሱት አንዱ «አይቼዋለሁ» ማለት መቻሉ ነው።

የእነዚህን ሰዎች ስም ለመሰብሰብ የሚነሣ ሰው አንድ ችግር ይጠብቀዋል። ሟቹ በሙሾና በጎረቤት አፍ የሚጠራው በዓለም ስሙ ሲሆን፣ በፍትሐትና በተዝካር፣ ማለትም በአርባና በሙት ዓመት በሚደረገው የመታሰቢያ ጸሎትና ግብር፣ ካህኑ የሚያነሣው በክርስትና ስሙ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን «ገብረ መድኅን» ተብሎ የሚታሰበው ወጣት በማሳው ድንበር ሌላ ስም ያለው ሰው ነው። ሁለቱ ስሞች ተጋጥመው የሚገኙት በሕይወት ባሉ እናቶች፣ እኅቶችና የንስሐ አባቶች ዘንድ ብቻ ሲሆን፣ የ1933ቱን የሚያስታውሱት አልቀው የ1960ዎቹም እያነሡ ነው። ስለዚህ ከደጀን በቀኝ ታጥፎ በዚህ መንገድ የሚያልፍ መምህር፣ ተማሪ ወይም የአጥቢያ ጸሐፊ ቢኖር፣ ደብተሩን ይዞ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ይግባና ሁለቱንም ስም፣ የወደቀበትንም ወንዝ ጨምሮ ይጠይቅ።